ጉሙ የተወው ሳል

የዚያን ቀን በክፍሉ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ ጃፓናዊቷ አስተማሪያችን፣ ጓደኛዬ፣ የጓደኛዬ እናት፣ ከዝናቡ ሊጠለል የገባው የደን ጠባቂ እና እኔ። ደጅ ላይ ደግሞ የሦስታችን ሸክም፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ይንጠባጠብ ነበር። እሱንም ልጥራው እንጂ፤ ሽታው ከእኛ እኩል ክፍሉን ሞልቶት ነበር።

ይህን ያስታወሰኝ የልጄ ጃኬት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከጓደኞቿ ጋር እንጦጦ ፓርክ ወጥታ ዝናብ መትቷት ተመለሰች። ጃንጥላ ያዢ ብያት ነበር። ጃኬቱን ተቀብዬ ወንበር ላይ ላሰጣው ስል ያ ሽታ መጣብኝ፤ እርጥብ ቅጠል፣ እርጥብ አፈር፣ ትንሽም እንደ መድኃኒት አፍንጫ የሚቆጠቁጥ ነገር። ጃኬቱን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

«ማሚ፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ፀጉርሽን አድርቂ» አልኳት።

ያን ጊዜ የምንኖረው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ዳገቱ ሥር ነበር። እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ከጓደኛዬና ከእናቷ ጋር ሳይነጋ ወደ እንጦጦ እንወጣለን፤ የረገፈውን ቅጠል ለቅመን፣ በገመድ አስረን፣ በጀርባችን ተሸክመን ወርደን ለማገዶ እንሸጣለን። ጠባቂው ካገኘን ገመዳችንን ይቀማናል።

ጃፓናዊቷ የመጣችው ለሰፈሩ ሴቶች የሹራብ ሥራ ልታስተምር ነው። ወጣት ነበረች። አማርኛዋ ጥቂት ቢሆንም አታፍርበትም። ያን ቀን ዝናቡ መንገዱን ዘግቶት ክሩ ሳይደርስ ቀረ፤ ሌሎቹ ሴቶችም አልመጡም። ሸክማችንን አውርደን የገባነው እኛ ብቻ ነን። ጠባቂው በኋላ ውሃ እያንጠፈጠፈ ገባና ዱላውን በሩ ሥር አስቀመጠ።

የጓደኛዬ እናት ቀና ብለው አዩት። «አንተ፣ ዛሬ ገመዳችንን አትቀማንም?»

«ዛሬ ዝናብ ይዞኛል፣ እማማ። ነገ እቀማችኋለሁ።»

አስተማሪዋ ጠመኔ አነሳች። በአገሯ ሰዎች ወቅት በተለወጠ ቁጥር አጭር ግጥም ይጽፋሉ አለችን። ሦስት መስመር ብቻ ነው። የመጀመሪያው አምስት፣ መካከለኛው ሰባት፣ የመጨረሻው እንደገና አምስት። በእኛ ፊደል እንቆጥረዋለን አለች፤ አንዱ ፊደል አንድ። «ቃል ትንሽ» አለች። «ማየት ብዙ።»

«ቤትስ ይመታል?» አሉ እናትየው።

«አይመታም።»

«እንግዲያ ደጅ የቀረ ግጥም ነዋ!»

ጠባቂው ሆዱን ይዞ ሳቀ። አስተማሪዋ ቀልዱ ባይገባትም አብራ ሳቀች። ከዚያ በአገሯ ሚያዝያ ላይ ፀደይ እንደሚሆን፣ አበባ እንደ ዝናብ እንደሚወርድ ነገረችን።

«ሚያዝያ ላይ የሚወርደው አቧራ ነው፣ ልጄ» አሏት እናትየው። «አበባማ በመስከረም።»

«እሺ» አለች፤ የጻፈችውን በእጇ አጠፋችው። «የእናንተ ይሁን። ዛሬ ምን አያችሁ?»

ቀድሜ የጨረስኩት እኔ ነበርኩ።

ሐምሌ ገባ
ቀስ በይ እህቴ
ጭቃ አለው

«ይሄ ግጥም ነው ምክር?» አለችኝ ጓደኛዬ። አልተሳሳተችም። ያኔም ፈሪ ነበርኩ፤ ቁልቁለቱ ላይ ከኋላዋ ሆኜ «እግርሽን እዪ» ስላት ነው የምውለው።

እሷ ወረቀት አልነካችም። አውራ ጣቷን በሌሎቹ ጣቶቿ አንጓ ላይ እያስኬደች ትቆጥራለች፤ ተሳስታ ትመለሳለች፤ እንደገና ትቆጥራለች። ከዚያ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ እንዲህ አለች፦

ጉም ወረደ
እናቴን ደብቆ
ሳሏን ተወ

ማንም አልሳቀም። ጠዋት እንደዚያው ሆኖ ነበር። ከዳገቱ ላይ ጉም ወርዶ፣ ከፊት የሚሄዱት እናቷ ከነሸክማቸው ከዓይናችን ጠፉ። መንገዱን ያገኘነው ሳላቸውን ተከትለን ነው።

«እኔን ነው እንዴ?» አሉ እናትየው።

«አንቺን ነው፣ እማዬ።»

የነጠላቸውን ጫፍ ያዙ። «ሳሌ ይህን ያህል ይሰማል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሉ ሲመጣባቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይጭናሉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ ግን አይወጣም። ጓደኛዬ ይህን እያየች ብዙ አልቆየችም። ዓረብ አገር ሠርቼ አሳክማታለሁ አለች። ለመንኳት። የተመለሱትንም፣ ያልተመለሱትንም እየጠራሁ ለመንኳት። እሷ ግን ወስናለች።

የሄደችው ዳገቱ ሁሉ አደይ አበባ ለብሶ ሳለ ነው። እስከ ታክሲው ሸኘኋት።

«እዚያ ክረምት የለም አሉ» አልኳት። «ስለ ምን ትጽፊያለሽ?»

«አንቺ ትነግሪኛለሻ።»

የምትደውለው በሰፈራችን ሱቅ ስልክ ነበር፤ እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ። ባለሱቁ በአጥሩ ላይ ይጣራል፣ እኔ እሮጣለሁ። ሌላው ሰው ሲደወልለት ስለ ጤና፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ሰርግ ያወራል። እሷ እናቷን ሰላም ካለች በኋላ እኔን «ምን ላይ ናችሁ?» ትለኛለች። የምትሠራበት ቤት መጋረጃ አይገለጥም፤ ውጭ የሚያወጣት ነገርም የለም። ያየሁትን እነግራታለሁ። ጤፉ ታጨደ፤ ብርዱ ገባ፤ ከእንጦጦ ማርያም የሚመጣው ነፋስ በሩን ያንኳኳል። አውራ ጣቷ አንጓዎቿ ላይ ሲሄድ ይታየኛል። ከዚያ ሦስቱን መስመር ትለኝና ካርዷ ያልቃል። ትበያለሽ ወይ፣ ይመቱሻል ወይ ልላት ያሰብኩት ሁሉ ሳልጠይቃት ይቀራል።

የላከችው ገንዘብ ሥራውን ሠራ። እናቷ ሐኪም ቤት ተመላልሰው፣ ያን ሁሉ ወር መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ዋጡ። በዓመቱ ሐምሌ ላይ ሐኪሙ ድነዋል አላቸው። «እንዳትነግሪያት» አሉኝ። «እኔ ራሴ ነኝ የምነግራት።»

በዚያው እሁድ ስልኩ ተደወለ። በዝናብ ሮጥኩ፤ እናቷ ከኋላዬ ቀስ እያሉ ይመጣሉ። የሱቁ ቆርቆሮ እንደ ከበሮ ይመታል፤ አልሰማትም፣ እጮኻለሁ።

«አትጩኺ» አለችኝ። «ይሄ የሚሰማው ምንድን ነው?»

«ዝናብ ነው። ጣራው ነው።»

«እስኪ ስልኩን ወደ ላይ አንሺልኝ።»

አነሳሁላት። እጄን ዘርግቼ እጀታውን ወደ ቆርቆሮው ያዝኩት። ባለሱቁ «ኧረ ልጅት፣ ስልክ እኮ ለጆሮ ነው! ካርዷን በዝናብ ልታስጨርሻት ነው?» አለኝ። እናቷ ከራስ እስከ እግራቸው ርሰው ገቡ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ዝናቡን እየሰማች ነው፣ እማማ።»

እጃቸውን ለስልኩ ዘርግተው ነበር። መለሱት። «ትስማ» አሉ፤ እሳቸውም ወደ ጣራው ቀና ብለው ቆሙ።

እጄ ሲዝል ወደ ጆሮዬ መለስኩት። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አልለየሁም።

«እናቴ ቤት» አለች። «ዘነበ፤ ሰማሁት።» ቀጥላም «ቆይ፣ የመጨረሻዋን...»

ተቋረጠ።

ባለሱቁ እስኪዘጋ ድረስ ጠበቅን። በሚቀጥለውም እሁድ ጠበቅን። ያስሄዳት ደላላ «ከአሠሪዎቿ ቤት ወጥታለች፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም» አለን። የአሠሪዎቿን ስም አልያዝኩም፤ የምታሠራትን ሴት «እመቤት» ከማለት በቀር ጠርታልኝ አታውቅም።

ልጄ ይህን ስነግራት የጎደለችውን መስመር እኛ እንሙላት አለችኝ፤ ጎበዝ ናት፣ ትችላለች። እንቢ አልኳት። መስመሯ የጓደኛዬ ናት።

ያ ሱቅ ፈርሷል። የስልኩ ቁጥርም አይሠራም፤ ብትደውል የሚያነሳላት የለም። እናቷ ግን አሉ፤ ዛሬ የሚኖሩት ከእኔ ጋር ነው። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ማንንም አያናግሩም። አንድም ቀን ሲያስሉ አልሰማሁም።

ዓረብ አገር የነበራችሁ፣ ወይም ዘመድ ያላችሁ፣ ከመናገሯ በፊት የጣቶቿን አንጓ የምትቆጥር ሴት አይታችሁ እንደሆነ ንገሩን። ካገኛችኋትም እናትሽ ሳሉ ለቋቸዋል በሏት። የት ነው ያለችው?