አንሶላው በቀን ሦስት ጊዜ የሚቀየርበት ፔንሲዮን

የእህቴን ሰርግ ሊያበላሽ የደረሰው ገንዘብ ማጣት አልነበረም፤ ዝናብም አልነበረም። ኮሚቴ ነው። ገዢው ግንባር አገር ያስተዳድር በነበረበት በዚያ ዘመን ወላይታ ሶዶ ውስጥ ኮሚቴ ሳይኖር የሚሆን ነገር አልነበረም። ሰው ሲሞት ኮሚቴ፣ ውሃ ሲጠፋ ኮሚቴ፣ ኮሚቴው ሲያጠፋ ደግሞ እሱን የሚያጣራ ሌላ ኮሚቴ ይቋቋማል። ሰርግማ ያለ ኮሚቴ ከተደገሰ ልጅቷ የኮበለለች ይመስል ነበር።

የእኛው ሊቀመንበር አጎቴ ነው፤ የሟቹ አባቴ ታናሽ ወንድም። በዞኑ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ስለነበር ስብሰባ እንደ እህል ይርበዋል። ቀን ቢሮ ሲገመግምና ሲገመገም ይውልና ወደ ማታ እኛ ቤት ሲመጣ ያንኑ አፉን ይዞ ነው የሚመጣው። ስለ በሬ ግዢ ሲጠየቅ «አቅጣጫ ተቀምጧል» ይላል። ድንኳን አከራዩ ከዘገየ «የአፈጻጸም ክፍተት» ነው። ሌሎቹ አባላት ከወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያናችን የተመረጡ መምህራን፣ ነጋዴዎችና የቢሮ ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም ወንዶች። እኔ የሙሽራዋ ታላቅ እህት በመሆኔና የእጅ ጽሑፌ ያምራል በመባሉ ጸሐፊ ተደረግሁ። ሻይ የማቀርበውም እኔው ነበርኩ።

ሙሽራው አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ነው። ዘመዶቹ ሰርጉ እዚያው እንዲሆን ፈልገው ነበር፤ እናቴ ግን በወላይትኛዋ «ልጄ የምትወጣው ከአባቷ ግቢ ነው» ብላ ድርቅ አለች። ይህ ለእኛ ተአምር ነበር። እናቴ ለሰው ቦታ መልቀቅ ሥራዋ የሆነ ሴት ናት። ሚኒባስ ውስጥ ለተማሪ ትነሳለች። ለቅሶ ቤት ከእሷ በኋላ ለገባው ሁሉ ትነሳለች። የቀበሌ ጎረምሳ መዋጮ ሊጠይቅ ሲመጣ እንኳ በገዛ ቤቷ ወንበሩን ለቃለት ቆማ ታናግረዋለች። ይህን ስታደርግ ማየት ከልጅነቴ ጀምሮ ያበግነኛል።

እንግዶቹ አንድ ሙሉ ኮስተር ሆነው አርብ ሊመጡ፣ ሰርጉም ቅዳሜ ሊሆን ተቆረጠ። የት ይደሩ የሚለው ጥያቄ ሲነሳ እናቴ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ልጄን የሚወስድ ሴትዮ እኔ ቤት ይደር» አለች። «ልጄ ያደገበት ቤት ይወቅ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እናቴ ወላይትኛ ብቻ በሚነገርበት ጉኑኖ ተወልዳ ያደገች ናት። አማርኛ የተማረችው ገበያ ላይ ነው፤ ስትናገርበት ወንድና ሴት አትመርጥም። አጎቴ ሎሚ የመጠጠ ፊት አሳየና ወደ ሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ።

እሷ ግን የተፈቀደላት መስሏት ዝግጅት ጀመረች። ቤታችን ወደ ዳሞታ ተራራ በሚወስደው መንገድ ከከተማው ዳር ያለ የጭቃ ቤት ነው። ግድግዳውን ኖራ አስቀባች። አዲስ ፍራሽ ገዝታ ባጃጅ ጣሪያ ላይ አሳስራ አመጣች። ከላስቲኩ ወጥቶ የማያውቅ ብርድ ልብሷን አወጣች። ለቁርስ ብላ ቡላና ለጋ ቅቤ ከጉኑኖ አስመጣች። የሙሽራውን እናት አይታት አታውቅም፤ ብርድ ይበዛባት ይሆን እያለች ግን ትጨነቅላት ነበር።

በሚቀጥለው ስብሰባ አጎቴ ነገሩን በጣጠሰው። «የአዲስ አበባን ሰው ጭቃ ቤት አስተኝተን የቤተሰቡን ገጽታ አናበላሽም» አለ። በዚያ ዘመን ገጽታ የሚሉት ነገር ከሰው በላይ ይከበር ነበር። እናቴ ከድንኳኑ ጀርባ ወጥ ቤቱን እንድታስተባብርም በዚያው ተወሰነ፤ «ለጓዳው የታመነ ሰው ያስፈልጋል» ተብሎ። በገዛ ልጇ ሰርግ ማለት ነው። ለእሷ ግን በወላይትኛ ሌላ ነገር ነገራት። «እትዬ፣ የአዲስ አበባ ሰው ሰው ቤት አያድርም። ባህላቸው አይደለም፤ ብትለምኚያቸው ያፍሩብሻል» አላት። አመነችው። ብርድ ልብሱን አጥፋ ወደ ላስቲኩ ስትመልስ አየኋት፤ አጎቴን የዚያን ቀን ከልቤ ጠላሁት።

ከዚያ የሆቴል ፍለጋው ተጀመረ። የቤተ ክርስቲያኗ እንግዳ ማረፊያ በሥልጠና ተይዟል። የከተማው ሆቴሎች ሁሉ ደግሞ መጠጥ ይሸጣሉ። ከኮሚቴው ወንዶች አንዱ ስለ አንዱ ሆቴል ሙዚቃ፣ ሌላው ስለሌላው ሆቴል ቢራ ተናገሩ፤ እንዲህ ያለ ቤት አማኝ እንግዳ አይገባበትም ተባለና ሁሉም ተሰረዙ። አጎቴ ጉዳዩን በግሉ ይዞ በማግስቱ ጠዋት በባጃጅ ከተማውን ዞረና ማታ ስብሰባው ላይ ፊቱ እያበራ መጣ።

«አገኘሁ» አለ። «ፔንሲዮን ነው። አንደኛ፣ መጠጥ የሚባል ነገር አይገባበትም። ሁለተኛ፣ ጸጥታ! ደንበኛው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ገብቶ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚወጣው አሉኝ፤ እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው የት ይገኛል? ሦስተኛው ደግሞ ንጽህናው ነው። አንሶላው በቀን ሦስት ጊዜ ይቀየራል! ትልልቆቹ የአዲስ አበባ ሆቴሎች እንኳ በቀን አንዴ ናቸው።»

የፔንሲዮኑን ስም ሲጠራ የያዝኩትን የሻይ ትሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። የማስተምርበት ክፍል የጓሮ መስኮት ልክ በዚያ በር ትይዩ ነው። በምሳ ሰዓት መጋረጃቸውን የጋረዱ ባጃጆች ተከታትለው ይገባሉ፤ ቢሮ ሊከፈት ሲል ተከታትለው ይወጣሉ። የዞናችን ሠራተኛ የሥራ ሰዓት ሲያከብር ያየሁት እዚያ በር ላይ ብቻ ነው። ተማሪዎቼ እንኳ ያውቁታል፤ ባጃጅ ሲገባ እርስ በርሳቸው ይጎሻሸማሉ።

«እዚያስ ባይሆን ይሻላል» አልኩ።

«ለምን?» አለ አጎቴ።

«ጥሩ ቦታ አይደለም።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

ዕድሜዬ ሠላሳን ያለፈ፣ ያላገባሁ መምህርት ነበርኩ፤ ይህ ጥያቄ ለእኔ ዓይነቷ ሴት ምን ማለት እንደሆነ ሶዶ ውስጥ ላደገ ማስረዳት አያስፈልግም። አንዱ እንኳ ደግፎኝ ይናገራል ብዬ ዙሪያውን ቃኘሁ። ያኔ ኮሚቴያችንን አወቅሁት። የቦታውን ነገር የማያውቁት እኔን አዩኝ፤ የሚያውቁት ጠረጴዛውን አዩ። ጠረጴዛውን ያዩት ይበዙ ነበር። አፋቸውን ከፍተው ቢመሰክሩ ያው «በምን አወቅህ» ይከተላልና፣ ስለ ቢራ ሲጮህ የከረመ አንደበት ሁሉ ለውዝ ማላመጥ ያዘ።

«በመስኮት አያለሁ» አልኩ።

«መስኮት ላይ ሆነሽ የሰው በር ከምታዪ ተማሪዎችሽን ብታስተምሪ» አለ አጎቴ፤ ሳቁብኝ። ፔንሲዮኑ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

አርብ ደረሰ። ኮስተሩ ከአዲስ አበባ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ሶዶ የገባው ምሳ ሰዓት ላይ ነው። የአርብን ምሳ ሰዓት የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ያውቀዋል፤ ከአምስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ነው፤ ከሳምንቱ ሁሉ ረጅሙ። አጎቴ ሱፉን ለብሶ እንግዶቹን እየመራ ፔንሲዮኑ ግቢ ገባ፤ እኔም ከኋላ ተከተልኩ። ግቢው በባጃጅ ተሞልቷል።

«አያችሁ፣ ተፈላጊ ነው» አለ እየኮራ።

የሙሽራው እናት ከሁሉም ቀድማ ሻንጣዋን ይዛ ወረደች። ዕድሜዋን መርካቶ ጨርቅ ስትሸጥ የኖረች፣ ባሏን ቀብራ ልጆቿን ያሳደገች ወፍራም ሴት ናት፤ ዓይኗ ሰውንም እንደ ጨርቅ በክንድ ይለካል። ግቢውን አየች፣ የተዘጉትን በሮች አየች፣ በገመድ ላይ የተሰጡትን አንሶላዎች አየች። ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠች።

ፔንሲዮኑን የሚያስተዳድረው ሰውዬ ለቀን ተረኛዋ ልጅ አልነገራትም ነበር። ልጅቷ ብዛታችንን አይታ ደነገጠች።

«ኧረ አሁን ሁሉም ተይዟል፤ አርብ አይደል እንዴ!» አለች። «እስከ ሰባት ተኩል ግን ይለቃሉ። ለስንት ሰዓት ነው?»

«ምን ማለት ነው ለስንት ሰዓት?» አለ አጎቴ። «ለሁለት ሌሊት ነዋ!»

«አዳር?» አለች ልጅቷ፤ የምሯን ግራ ገብቷት። «አዳር እንኳ እዚህ ብዙም አይጠየቅም።»

እሱ ገና አልገባውም፤ የቤቱ ኃላፊ ይጠራልኝ እያለ ጮኸ። በጩኸቱ አንደኛው በር ተከፈተና ሸሚዙን እየቆለፈ የወጣው ከአጎቴ መሥሪያ ቤት አንዱ ባለሙያ ሆነ። ከኋላው ነጠላዋን እስከ ዓይኗ የተከናነበች ሴት ሹልክ ብላ ወደ ባጃጅ ገባች። ሰውዬው አለቃውን ሱፍ ለብሶ ግቢው መሐል ቆሞ ሲያየው ሰዓት ሊቆጣጠር የመጣ መሰለው።

«ጋሼ፣ እየሄድኩ ነው፤ ገና ሰባት ተኩል አልሞላም» አለ።

አጎቴም በልማዱ «እሺ፣ ቶሎ ግባ» አለው።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባው። ፊቱ አመድ መሰለ። ለአቀባበል አብረውን ከመጡት የኮሚቴው ወንዶች አንዱ ስልክ እንደተደወለለት ሆኖ ወደ ውጭ ወጣ፤ ሌላው የጣሪያውን ቆርቆሮ መመርመር ጀመረ። የሙሽራው እናት ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ እህቷ ነሽ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እናታችሁ ቤት የላቸውም እንዴ?»

«አላት።»

«ታዲያ እኔን እዚህ ምን አመጣኝ?»

«እርስዎ ሰው ቤት አያድሩም ተብሎ ነው።»

«ማነው ያለው?»

አጎቴን አየሁት። ጣቴን መቀሰር አላስፈለገኝም። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ። ሴትየዋ ተነሳችና ሻንጣዋን ባጃጅ ላይ ጫነች።

እናቴ ግቢ ውስጥ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ባጃጁ ሲቆም ቢላዋውን እንደያዘች ተነሳች።

«መጣ?» አለችኝ በማታምን ድምፅ።

«መጣች» አልኳት።

የሙሽራው እናት ቀርባ የእናቴን ሽንኩርት የሸተተ እጅ በሁለት እጇ ያዘች። «እህቴ፣ አልጋ አለሽ?» አለቻት።

«አለ» አለች እናቴ። «ፍራሹ አዲስ ነው። ማንም አልተኛም እሱ ላይ።»

ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። በንዴት ነው ብል ይቀለኛል፤ ግን በንዴት አልነበረም። የቀሩትን እንግዶች የጎረቤት ሴቶች እየተሻሙ ወሰዷቸው፤ ጀምበር ሳትጠልቅ ሜዳ ላይ የቀረ ሰው አልነበረም። ኮሚቴውን የጠየቀው የለም። ቅዳሜ ጠዋት ብቅ ስል ሁለቱ እናቶች ከአንድ ሳህን ቡላ እየበሉ ነበር። አንደኛዋ ስለ መርካቶ ታወራለች፣ ሌላዋ ስለ ጉኑኖ፤ ምን ያህሉን እንደተግባቡ እንጃ። አስተርጉሚልን ያለኝ ግን አልነበረም።

ሰርጉ ላይ የክብር ጠረጴዛው እንደታቀደው ተዘረጋ፤ ሙሽሮቹ፣ መጋቢው፣ የሙሽራው እናት፣ ሊቀመንበሩ። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከድንኳኑ ጀርባ ወጥ ታስወጣለች። አጎቴ ተነስቶ ማይክ ያዘ። ያፈረ መስሎኝ ነበር፤ ሞኝ ነኝ። ኮሚቴ አያፍርም።

«ኮሚቴያችን» አለ «እንግዶቻችን በሆቴል ሳይሆን በየቤታችን እንዲያርፉ አቅጣጫ ያስቀመጠው፣ የወላይታን የእንግዳ አቀባበል ባህል ለማስተዋወቅ ነው!»

ተጨበጨበ። ጠረጴዛ ጠረጴዛውን ሲያዩ የነበሩት ደግሞ ከሁሉ አብልጠው አጨበጨቡ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ያኔ ነው የሙሽራው እናት ቦታ ባዶ መሆኑን ያየሁት። በጭብጨባው መሐል በድንኳኑ ጀርባ በኩል ተመለሰች፤ እናቴን በእጇ እየጎተተች። እናቴ ወገቧን እንዳሰረች፣ እጇ በርበሬ እንደነካ፣ እየተደናቀፈች ተከተለቻት። ሴትየዋ ከራሷ ወንበር ቀጥሎ ያለውን ወንበር ስባ አስቀመጠቻት።

የአጎቴ ወንበር ነበር። ንግግሩን ጨርሶ፣ ምስጋናውን ተቀብሎ፣ ማይኩን እንደያዘ ተመልሶ መጣና ከፊቷ ቆመ። አሳለው። «እትዬ» አለ ቀስ ብሎ። እኔ በልጅነቴ ሁሉ የማውቀውን ነገር ጠበቅሁ፤ እጇን ወንበሩ ላይ ተደግፋ ስትነሳ፣ ነጠላዋን ስትሰበስብ፣ ወደ ጓዳ ስትመለስ።

እናቴ ቀና ብላ አየችው። የነጠላዋን ቋጠሮ ከወገቧ ፈታች፣ ትከሻዋ ላይ አደረገችው፣ ወደ ሙሽራዋ ዞረች። አልተነሳችም።