ጥጃዋ የሞተባት ላማችን

ላማችን ክፉ ነበረች። ከመጀመሪያ ወሊዷ ጀምሮ የኋላ እግሯ በጠፍር ሳይታሰር ታልባ አታውቅም፤ ታስራም ቢሆን ትራገጣለች። ግራ ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳ የእሷ ነው። ከእኔ በቀር ሊያልባት የሚደፍር አልነበረም፤ እኔ እየሰደብኳት፣ እሷ እየረገጠችኝ ዓመታት ኖረናል። ወተቷን የምትለቀው ጥጃዋ አጠገቧ ቆሞ አንገቱን ስትልስ ብቻ ነበር።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው፤ የምንኖረው ከብቸና ትንሽ ወጣ ብላ ባለች መንደር። አባቴ የብራና መጽሐፍ ጸሐፊ ነበሩ። ቆዳ ይፍቃሉ፣ ቀለም ይበጠብጣሉ፣ ይጽፋሉ፤ ከዚህ ሌላ ዓለም የላቸውም። ያን በጋ ታናሽ እህቴ በወሊድ ሞተችብን። ልጇ ተረፈ። የልጁ አባት በጭነት መኪና ረዳትነት ተቀጥሮ ወደ ደጀን ከሄደ ወሬው ጠፍቷል። በመንደሩ የምታጠባ አራስ አልነበረችም፤ ድርቁ ከብቱን አክስቶት የጎረቤት ላሞችም ሁሉ ነጥፈዋል። የቀረችን ያቺ ክፉ ላም ናት። ወተቷን አፍልቼ፣ በውሃ አቅጥኜ፣ በጥጥ እየነከርኩ ሕፃኑ አፍ ውስጥ አንጠባጥባለሁ። እሷ ከነጠፈች ልጁም ያበቃለታል። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ አባባም ያውቃሉ።

አንድ ቀን ልጁን ተቅማጥ ያዘውና ብቸና ክሊኒክ ወሰድኩት። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣው ድሬሰር የልጁን ዓይን ገልጦ አየና፣ "ወተቱን እንዳታቋርጪበት እህቴ፤ ሌላ የምሰጥሽ የለኝም" አለኝ።

መሽቶብኝ እዚያው አድሬ በማግስቱ ስመለስ ጥጃው ሞቷል። የጥጃ መሞት ብርቅ አይደለም፤ መላውንም ማንኛውም ባላገር ያውቀዋል። ቆዳው ከነፀጉሩ ይገፈፋል፣ ጭድ ይሞላል፣ ጨው ይነሰነስበትና ላሟ ፊት ይቆማል። ልጄ ነው ብላ እየላሰች ትታለባለች። ስለዚህ ብደነግጥም፣ "ቆዳውስ?" ብዬ ጠየቅኩ።

አባባ ወደ ጓሮ አመለከቱኝ። ቆዳው መወጠሪያው ላይ ተወጥሯል። ፀጉሩ አንድ ሳይቀር ተፍቆ፣ ነጥቶ፣ ፀሐይ ይሞቃል። የተፋቀውን ፀጉር ከጥራጊው ጋር እሳት ውስጥ ጨምረውታል።

"ምን አደረጉ አባባ?"

"ቆዳ ሳይ ጊዜ... እጄ የለመደውን ሠራ።"

"ታዲያ ላሟ ምን ልታሸት ነው? ብራና?"

ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ ያለ ሥራ መቀመጥ አይችሉም ነበር። እኔ ግን በጣም ተናድጄ ስለነበር ማዘን አልቻልኩም።

ወደ ማታ መወጠሪያውን እንዳለ ተሸክሜ ላሟ ፊት አቆምኩት። አሽትታው ዞረች። ጨው ነሰነስኩበት፤ ጨዉን ልሳ ተወችው። ጡቷን ስነካው ደግሞ ማለቢያውን ቅል በእርግጫ ከእጄ አስፈንጥራ ሰበረችው። ቤት ውስጥ ሕፃኑ ያለቅሳል፤ ለቅሶው ከትናንቱ ደከም ብሏል።

አባባ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት ቀርበው የማያውቁት ሰው፣ ቀንዷን ሊይዙልኝ መጡ። "ትወጋዎታለች፣ ይመለሱ!" አልኳቸው። አልሰሙኝም፤ እጃቸውን ዘረጉ። ላሟ አፍንጫዋን መዳፋቸው ላይ አሳርፋ ቆየች። ከዚያ ከጣታቸው ጀምራ እስከ ክርናቸው ላሰቻቸው፤ ጥጃዋን በምትጠራበት ለስላሳ ድምፅም እምቧ አለች። ቀኑን ሙሉ ጥጃዋን ሲፍቅ የዋለ እጅ ነው። ግቷ ሲወጠር በዓይኔ አየሁ። ሌላ ዕቃ አምጥቼ አለብኩ፤ እንባዬ ወተቱ ውስጥ እንዳይገባ ፊቴን ወደ ትከሻዬ አዙሬ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባባ እጃቸውን መታጠብ ተዉ። ሳይታጠቡ ብራና መንካት ለእሳቸው ነውር ነው፤ ስለዚህ መጻፉንም ተዉት። ሞጣ ላለ ደብር የጀመሩት ዳዊት ተከድኖ ተቀመጠ፤ ስለ ዳዊቱ ሰው ቢላክባቸው "ታሟል በይልኝ" አሉኝ። በዚያ እጅ መብላት ስለማይሆን እኔ አጎርሳቸዋለሁ። ጥጥ ለሕፃኑ፣ ጉርሻ ለአባቴ። ሽታቸው ጎረቤት ያርቅ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱም ከደጅ ተሳልመው ይመለሳሉ። አንድ ቀን እያጎረስኳቸው፣ "እኔም ጺማም ልጅ ወለድኩ" ብላቸው ሳቁ። እህቴ ከሞተች ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ልጁ ግን አልጠና አለ። የዋጠውን ይመልሰዋል። ክንዱ ከጣቴ አይወፍርም ነበር። ውሎ አድሮ ማልቀሱንም ተወው፤ ዝም ብሎ ያየኛል። አንድ ጠዋት የማታውን ወተት አሙቄ ጥጡን ባስጠጋለት ከንፈሩ አልተነቃነቀም። ሰውነቱ ቀዝቅዟል።

ጠቅልዬ አስተኛሁትና ወጣሁ። አባባ እንደ ወትሯቸው ላሟ ፊት ቆመው ይጠብቁኛል። እሷ እጃቸውን ትልሳለች፤ ግቷ ሞልቶ ወተቱ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። ማለቢያ አለመያዜን አይተው ገባቸው።

"በቃ አባባ" አልኳቸው፤ "ይታጠቡ።"

እንባቸው በጺማቸው ወረደ። እጃቸውን ግን ከላሟ አፍ አልነጠቁም።

"እሷ አልሰማችም እኮ" አሉኝ። "ትንሽ ትቆይ።"