የታችኛው መኪና

ወንድሜ ያንን ሰማያዊ መኪና ይዞ ደብረ ማርቆስ የገባ ዕለት፣ እኔ የእህል ጫኝ መኪና ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ካምቢዮ እፈታ ነበር። መኪናውን ከማየቴ በፊት ድምፁን ሰማሁ። ወደ ጋራዤ ሲታጠፍ እግሩን ከነዳጁ ለቀቅ ሲያደርግ፣ ለሞተሩ አየር የሚገፋለት ቱርቦ ረዘም አድርጎ ተነፈሰ። ስንት ዓመት ስጠግነው የኖርሁት የጭነት መኪና ቱርቦ እንዲህ አይተነፍስም። እጄ ዘይት እንደሆነ ወጥቼ አየሁት። ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው፤ አንጀቴ አረረ።

«አያ! አወቅኸው?» አለኝ በመስኮቱ። በኛ አገር ታላቅ ወንድም አያ ነው የሚባለው። በሁለት ዓመት ብቻ ብበልጠውም እስከዚያ አንድ ቀን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም ነበር።

አለማወቅማ እንዴት ይቻላል! ያደግነው ቁይ የምትባል የገጠር ከተማ ነው። ልጆች ሳለን ከገበያ ስኳር የተጠቀለለበት የውጭ አገር መጽሔት ገጽ አገኘሁ። ሁለት ፎቶ ነበረበት። ከላይ ጭቃ የለበሰ የራሊ ውድድር መኪና አራት ጎማው ከመሬት ተነሥቶ አየር ላይ ነው። ከታች ያው መኪና፣ ያው ሰማያዊ፣ ኮፈኑ ላይ ያው የአየር ማስገቢያ አፍ ያለው፣ ታጥቦ ተወልውሎ የሰው ደጃፍ ላይ ቆሟል። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን አንብቦ ሲያስረዳን፣ ፋብሪካው የላይኛውን ለውድድር ማሰለፍ ከፈለገ የታችኛውን በብዛት ሠርቶ ለማንም ገዢ መሸጥ ነበረበት፤ ሕጉ እንዲያ ነው አለን። ገጹን ያገኘሁት እኔ፣ ግድግዳው ላይ በሊጥ የለጠፍሁትም እኔ ነኝ። ስለዚህ ድርሻ ያከፋፈልሁትም እኔ ነበርሁ።

«የላይኛው የኔ፣ የታችኛው ያንተ» አልሁት። ታናሽ ነውና አልተከራከረም።

ከዚያ እሱ አዲስ አበባ ወርዶ የመለዋወጫ ነጋዴ ሆነ። እኔ የሌላ ሰው መኪና ሥር ተኛሁ። የላይኛው መኪና ለካ ጎጃም ውስጥ ለማንም አይደርስም። የታችኛው ግን ይኸው ደረሰ!

«ድርሻዬን ገዛሁ» አለኝ እየሳቀ። ከዚያ ቁልፉን ዘረጋልኝ፣ «በል ንዳው፣ አያ።»

«ዘይት በዘይት ነኝ፣ ወንበርህን አላበላሽም» አልሁት። እጄን ታጥቤ መንዳት እችል ነበር። የኋላ መስታወቱ ላይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚል ተለጥፏል። ጸሎቱ ተሰምቶለት ምቀኛው ፊቱ ቆሞ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር።

ኮፈኑን ከፍቶ «እስቲ እየው፣ ምን ይመስልሃል?» ሲለኝ ጎንበስ አልሁ። ቱርቦው ዙሪያውን ዘይት ማላብ ጀምሯል። ብዙ እጅ ያየ አሮጌ ነው። ቢሆንም ውብ ነበር፤ ያኔ በልጅነቴ የታችኛውን ፎቶ ደህና አድርጌ እንኳ አላየሁትም ነበር።

«ደህና ነው» ብዬ ኮፈኑን ዘጋሁት።

የጥምቀት ማግሥት እናታችንን ለመጠየቅ ወደ ቁይ ሄድን። አስፋልቱን ለቀን ፒስታው ላይ ስንወጣ የመኪናው ጠባይ ተለወጠ፤ የተሠራው ለእንዲህ ያለ መንገድ ነውና። ኩርባ ላይ ጀርባው ሸርተት ሲል ወንድሜ መሪውን በእርጋታ ይመልሰዋል። ከሁሉ የከፋው ይሄ ነው፤ ሰውዬው መንዳት ይችላል። መንዳት ባይችል ኖሮ በሐሜት ልቤ ባረፈ። ሰውነቴ እየተደሰተ ሆዴ ይቃጠል ነበር። መጥፎ ስሜት ነው፤ የሚወዱትን ነገር በሌላ ሰው እጅ ሆኖ መውደድ።

ሜዳው ላይ ስንደርስ «አያ፣ ልልቀቀው?» አለኝ።

እዚህ ላይ የማውቀውን ልናገር። ቱርቦ በኃይል ሲነዳ ይግላል። የጋለ ሞተር በድንገት ከጠፋ ቱርቦውን የሚያቀዘቅዘው ዘይት ቀጥ ይላል፤ እዚያው የቀረው ዘይት ዘንጉ ላይ ያርራል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ቀስ ብሎ መንዳት፣ ከቆሙ በኋላም ሳያጠፉ ሁለት ደቂቃ ማቆየት ነው። ሌላም የማውቀው ነገር ነበረ። ዕለቱ ሚካኤል ነው። ከፊታችን ካለው ኩርባ ማዶ፣ በዚያ ሰዓት፣ ታቦቱ ከጥምቀተ ባሕሩ ሲመለስ መንገዱን ይይዛል። በኛ አገር ደግሞ ታቦት ፊት ሞተር አያጉረመርምም፤ ባለ መኪና አጥፍቶ፣ ወርዶ ይሰግዳል። ወንድሜ ስንት ዓመት ለበዓሉ አልመጣም፤ ሰዓቱን ረስቶታል። እኔ አልረሳሁም።

«ልቀቀው» አልሁት።

ለቀቀው። ቱርቦው እያፏጨ ሜዳውን ጨረስነው። ኩርባውን ስንዞር ጃንጥላው፣ ከበሮው፣ እልልታው መንገዱን ሞልቶታል። ወንድሜ ፍሬን ያዘ፤ አፍታም ሳይቆይ ሞተሩን አጠፋ። ጫማውን አውልቆ አቧራው ላይ ተደፋ። እኔም አጠገቡ ተደፋሁ። ግንባሬ መሬት ነክቶ ሳለ ጆሮዬ ወደ ኮፈኑ ነበር፤ የጋለው ብረት ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። በሚካኤል ታቦት ፊት ወድቄ የማዳምጠው እሱን ነበር። ይቅር ይበለኝ።

እናታችን መኪናውን ዞራ አይታ፣ «ዓይን እንዳይበላብህ፣ ልጄ» ብላ መረቀችው። ማታ ስንመለስ ከኋላችን ሰማያዊ ጭስ ይከተለን ጀመር።

በማግሥቱ ቱርቦውን ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁት። ዘንጉ ይወዛወዛል፤ ዘይቱ አርሮ ጥቁር ቅርፊት ሆኗል። አንድ ቀን ብቻውን ደህና ቱርቦ አይገድልም። ሊሞት የደረሰውን ግን ይገድላል።

«አርጅቶ ነበር» አልሁት። እውነት ነው፤ ግማሹ።

ወንድሜ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ዘንጉን በጣቱ አዞረው። «አዲስ አበባ ያለው መካኒክ፣ ግሎ ሳለ እንዳታጠፋው ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር» አለ። «ትናንት ከበሮውን ስሰማ ትዝ ብሎኛል። ግን አያ አጠገቤ ነው፣ ልቀቀው ያለኝም እሱ ነው፤ የሚያሠጋ ቢሆን ይነግረኝ ነበር ብዬ አጠፋሁት።»

ያለ ምንም ተንኮል ነው የተናገረው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ዝም ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው በቀረ። ግን ፊቱን ሳየው አልቻልሁም።

«አውቅ ነበር» አልሁት።

«ምኑን?»

«ታቦቱ እዚያ እንደሚሆን። እንደምታጠፋውም። ኮፈኑን የከፈትህልኝ ዕለት ዘይት ሲያልበውም አይቻለሁ።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ወንድሜ ወደ ጠረጴዛው፣ ከዚያ እጁ ላይ ወዳለው ዘይት አየ። ጨርቅ ሰጠሁት፤ ጠረገ። ምነው በሰደበኝ! ተነሥቶ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረና «ሲያልቅ ደውልልኝ» ብሎ በሚኒባስ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ።

ሌላ ቱርቦ አፈላልጌ ገጠምሁለት፤ ከአንድ ወር በላይ ወሰደብኝ። ከዚያ ደወልሁ። እሺ፣ እመጣለሁ አለ፤ እስካሁን አልመጣም። መኪናው ጋራዤ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል። ቅዳሜ ቅዳሜ አስነሣዋለሁ፤ ከግቢው ግን አላወጣውም። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ አሁንም እቀናለሁ፤ ይሄ አልወጣልኝም። ከማጥፋቴ በፊት ሁለት ደቂቃ እጠብቃለሁ።

ወንድሜ አንዳንድ ጊዜ ይደውላል። መኪናው እንዴት ነው ይለኛል፣ ደህና ነው እለዋለሁ። አሁን በስሜ ነው የሚጠራኝ።