የእንግዳ ጥይት

በተኩስ ክበባችን ውስጥ ማንም እውነቱን የማይመልስለት አንድ ጥያቄ አለ። «ቤትህ ስንት ጥይት አለህ?» የሚለው ነው። ሚስት ያለው ቀነስ አድርጎ ይናገራል፣ ሚስት የሌለው ጨመር አድርጎ። እኔ ሚስትም ያለኝ ሐበሻም የሆንኩ ሰው ስለሆንኩ «የሚበቃኝን ያህል» ብዬ አልፋለሁ።

ሐበሻነቴን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ቶሮንቶ ውስጥ አንድ ሐበሻ ጡረተኛ ቤዝመንቱ ቁጭ ብሎ ጥይት ይሞላል ሲባል፣ የሰማው ሁሉ ስለ ስፖርት አያስብም። አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ አዛውንት እጄን ይዘው ወደ መኪና ማቆሚያው ዳር ወሰዱኝና፣ ግራ ቀኙን አይተው፣ «ለመሆኑ ልጄ፣ ለየትኛው ወገን ነው?» አሉኝ። ለማንም ወገን እንዳልሆነ፣ ወረቀት ላይ የተሳለ ክብ ብቻ እንደምመታ አስረዳኋቸው። ጥቂት አዩኝ። «ግድ የለም፣ አትንገረኝ» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ከዚያ ወዲህ ባዩኝ ቁጥር ባርኔጣቸውን ያነሱልኛል።

ነገሩ የጀመረው ከሥራዬ ነው። ኤርፖርቱ አካባቢ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የአውሮፕላን ዕቃ መርማሪ ነበርኩ። ሌላው ሰው የሠራውን እለካለሁ፤ «ይለፍ» ወይም «አይለፍ» እላለሁ። ሰው ለካሁ ያለውን ራሴ ካልለካሁት አላምንም፤ ደመወዝ የሚከፈለኝም ባለማመኔ ነበር። አንድ ባልደረባዬ አንድ ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ የተኩስ ሜዳ ይዞኝ ሄደ፤ በዚያው ቀረሁ። ፈቃዱን አወጣሁ፣ ጠመንጃ ገዛሁ። ብዙም ሳልቆይ ጎበዝ ተኳሾች ጥይት ከሱቅ እንደማይገዙ አየሁ። የተተኮሰውን ባዶ ቀለህ አጽድተው፣ ባሩዱን በሚዛን መዝነው፣ አረሩን ከላይ ገጥመው ራሳቸው ይሠሩታል። የዚህ ሥራ የመጀመሪያ ሕግ ደግሞ ሌላ ሰው የመዘነውን ባሩድ አለመተኮስ ነው። ይህን ስሰማ ጠፍቶ የኖረ ዘመዴን ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

እንግዲህ ሬክስዴል ያለው ቤታችን ቤዝመንት ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው ማዶ፣ ጠረጴዛዬን ዘረጋሁ። ምንም ያህል ብትጠነቀቅ የሞላኸው ሁሉ እኩል አይወጣም። አንዱ ደህና ነው፤ አንዱ ግን ሚዛኑ፣ ርዝመቱ፣ ቀጥ ማለቱ፣ ሁሉም ነገሩ የተዋጣለት ይሆናል። እንዲህ ያሉትን እየመረጥኩ ለብቻ በሣጥን አስቀምጥ ጀመር። ባለቤቴ ልብስ ልታጥብ ወርዳ አየቻቸው።

«እነዚህ ምን አጥፍተው ነው ለብቻቸው የታሰሩት?»

«ምርጦቹ ናቸው። ለትልቅ ውድድር ነው።»

«አሃ፣ የእንግዳ ናቸዋ!» አለችና የልብሱን ቅርጫት አንስታ ወጣች።

ስማቸው በዚያው ጸና። የቤት ጥይትና የእንግዳ ጥይት ሆኑ።

ስሙ ትክክል እንደሆነ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይፈርድልኛል። እኛ ቤት የእንግዳ ሳህን ነበር፣ የእንግዳ አንሶላ ነበር፣ ላስቲኩ ያልወለቀ፣ እኛ ልጆቹ ሰርቀን ብቻ የምንቀመጥበት የእንግዳ ሶፋ ነበር። ባለቤቴም ከዚያው ዓለም ናት። ሳሎናችን ውስጥ ቡፌ አላት። ቡፌው ውስጥ ጠርዛቸው ወርቅ የተቀባ የሻይ ብርጭቆዎች አሉ፤ ከአገር ቤት በሹራብ ተጠቅልለው የመጡ። አንድ ጊዜ የነፍስ አባታችን ቤት ሊባርኩ መጥተው ሻይ የጠጡት በወረቀት ኩባያ ነው። ብርጭቆዎቹ ከመቀመጥ ብዛት አቧራ ስለጠጡ ለማጠብ ጊዜ አልነበረም። ይህን ስንት ዓመት ሙሉ እያነሳሁ አብሽቄያታለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ እኔም ከበታቿ፣ ቤዝመንት ውስጥ፣ ክዳኑ ያልተከፈተ ሣጥን በሣጥን ላይ እደረድር ነበር።

ምን እጠብቅ እንደነበር ልንገራችሁ። የክበባችን ቤት ግድግዳ ላይ አንድ የእንጨት ሰሌዳ አለ። በውድድር ቀን፣ በዳኛ ፊት፣ ጥይታቸውን በሙሉ መሃለኛው ክብ ውስጥ ያሳረፉ ሰዎች ስም ተቀርጾበታል። የኔ የለበትም። የኔን ስም ከነአባቴ ለመቅረጽ እንጨቱ ይጠባቸዋል እያልኩ እቀልድ ነበር እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በሕይወቴ እንደዚያ ሰሌዳ የተመኘሁት ነገር ጥቂት ነው። ካናዳ ውስጥ ስሜ የተጻፈው ሒሳብ መጠየቂያ ላይ ብቻ ነበር።

ታዲያ ውድድሩ በየቅዳሜው አለ። አንዱ ቅዳሜ ነፋስ ይሆንብኛል፤ በነፋስ የእንግዳ ጥይት አይባክንም። አንዱ ቅዳሜ ተወዳዳሪው ጥቂት ነው፤ አይመጥናቸውም። አንዱ ቅዳሜ ሁሉም ነገር ተመቻችቶ እኔ እንቅልፍ አላገኘሁም። እንዲህ እያልኩ በቤት ጥይት ተወዳደርኩ። ለሰሌዳው ሁልጊዜ አንድ ወይ ሁለት ጥይት ይጎድለኛል፤ ባይጎድለኝማ የእንግዳውን አላስፈላጊነት ያሳይ ነበር እያልኩ እጽናናለሁ።

ክበቡ ውስጥ ከሁላችንም ቀድመው የነበሩ አንድ ካናዳዊ ሽማግሌ አሉ። ስንት ማስቀመጥ እንደሚገባ ስጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነው። «በበረዶው ጊዜ ሥራ፣ በሙቀቱ ጊዜ ተኩሰህ ጨርስ። በልግ ገብቶ ቅጠል ሲረግፍ መደርደሪያህ ባዶ ከሆነ ልክ ሠርተሃል።» በሆዴ ይኼ የስኳር ሰልፍ የማያውቅ ሰው ምክር ነው አልኩ። በወረርሽኙ ጊዜ ባሩድ ከሱቅ ሲጠፋና የክበቡ ሰው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ እንዴት እንደኮራሁ አልነግራችሁም። ያኔም ቢሆን የተኮስኩት የቤቱን ነው።

ባለፈው ዓመት በረዶው ሊያበቃ ሲል ዒላማው መሃል ላይ ጭስ አየሁ። መነጽሩን ጠረግኩ፤ ጭሱ አለ። ሌላ ዒላማ አስቀየርኩ፤ ጭሱ ተከትሎት መጣ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቄሱ ልብስ፣ ጥላው፣ መቋሚያው ወለል ብሎ ሲታየኝ ፊታቸው ብቻ ሲደበዝዝ ጊዜ ለባለቤቴ ነገርኳት። አፖይንትመንቱን ያስያዘችው እሷ ናት። ኖርዝ ዮርክ ያለችው የዓይን ሐኪም ቀኝ ዓይኔን ደጋግማ አየችና በትሕትና አስረዳችኝ፤ የሚሞተው የዓይኑ መሃል ነው፣ ዳር ዳሩ ይቀርልኛል፣ መርፌው ያዘገየዋል እንጂ አይመልሰውም። ግራ ዓይኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አጥርቶ የማያይ ሰነፍ ስለሆነ ስለ እሱ አልጠየቅኳትም። ስለ ተኩሱ ጠየቅኳት። «በዚህ በጋ ትችላለህ። ስለሚቀጥለው ቃል አልገባልህም» አለችኝ። ዕድሜውን መሃል ለመምታት ያጠፋ ሰው ዳር ዳሩ ተተወለት። ብስቅ ይሻላል ብዬ ሳቅኩ፤ ሐኪሟ ግን አልሳቀችም።

ቤት ስደርስ ቀጥታ ወደ ቤዝመንት ወረድኩ። የእንግዳዎቹ ሣጥኖች ከወለሉ ተነስተው ደረቴ ድረስ ቆመዋል። ለብዙ በጋ የሚበቃ ጥይት አለኝ፤ የቀረኝ ዓይን ግን የአንድ በጋ ነው። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ፈራሁ። ከዚያ ለራሴ፣ እንግዳው መጥቷል ማለት ነው፣ አሁን ይከፈት አልኩ።

የበጋው ዋና ውድድር ዕለት መኪናውን የነዳችው ባለቤቴ ናት። የተኩስ ሜዳውን ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። ምሳ ቋጥራ፣ ተጣጣፊ ወንበር ይዛ፣ ለጆሮዋ መከላከያ አድርጋ ከኋላዬ ተቀመጠች። ነፋስ የለም። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ጭሱም ገና ስስ ነበር፤ ትንፋሼን ስይዝ መሃሉ ይታየኛል። የሣጥኑን ክዳን ከፈትኩ። የመጀመሪያዋ ጥይት መሃል ገባች። ሁለተኛዋ ወደ ላይ ወጣች። ሦስተኛዋ ወደ ቀኝ፣ ቀጣይዋ ደግሞ ወደ ታች። ዓይኔ ነው ብዬ ተደናገጥኩ፤ ግን ስተኩስ መሃሉን እያየሁት ነበር። ሲያበቃ ወረቀቱ ላይ እንደ ተበተነ ሽምብራ ሆኖ አገኘሁት። በቤት ጥይት እንኳ እንዲህ ተዋርጄ አላውቅም።

ሽማግሌው መጥተው ወረቀቱን አዩ፣ ሣጥኑን አዩ፣ አንዷን ጥይት አንስተው በጣታቸው አገላበጡ።

«መቼ የሞላሃቸው ናቸው?»

ነገርኳቸው። ጥይቷን ሣጥኑ ውስጥ መለሷት። ከዚያ ረጋ ብለው አስረዱኝ። አረሩ ቀለሁ አንገት ላይ ብዙ ዓመት ሲቀመጥ ይጣበቃል፤ አንዱ ቶሎ ይላቀቃል፣ አንዱ እምቢ ይላል። ይኼ አንድ ነገር ነው። ሌላው ጠመንጃው ነው። የቤት ጥይት ስተኩስበት በኖርኩ ቁጥር ውስጡ ተበልቷል። «አንተ ርዝመታቸውን የለካኸው ጠመንጃህ አዲስ ሳለ ነው። ያ ጠመንጃ አሁን የለም» አሉኝ። እንዲህ ያለውን ነገር ከማንም ይልቅ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ሁሉን ነገራቸውን መርምሬ አሳልፌያለሁ፤ የሚያረጁ መሆናቸውን ብቻ አልመረመርኩም።

ስንመለስ ሀይዌዩ ላይ ስለ ውድድሩ ወሬ ተነሳ። እሷ ናት የጀመረችው።

«ሌላ ማች የለም እንዴ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ አለ። እስከ በልግ።»

«ታዲያ ኮል አድርግና ለሚመጣው ቅዳሜ ሬጂስተር አድርጋ! በቤቱ ጥይት ተኩስ። እነዚያን የተከበሩትን ተዋቸው።»

«የቤቱ አልቋል።»

«ሙላ እንግዲህ። ዘንድሮ ምን ስትሠራ ከረምክ?»

መልሱን ከበረዶው ጊዜ ጀምሮ ደብቄያት ነበር። ቤዝመንት ወርጄ በር እዘጋና ባዶ ጠረጴዛ ፊት እቀመጥ ነበር። አጉሊ መነጽር ሞክሬያለሁ፤ ጭሱም አብሮ ይጎላል። «የሚዛኑ ቁጥር አይነበበኝም» አልኳት።

መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ነዳች። ቆይታ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣ «አንተ ሰውዬ፣ እኔ ማንበብ የማልችል መስሎህ ነው?» አለች። ድምጿ ተቆጥቶ ነበር፤ ጉንጯ ግን እርጥብ ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ መደበቅም አልሞከርኩም።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ገና ነጠላዋን ሳታስቀምጥ፣ ወደ ቤዝመንት ወረደች። አረሩና ቀለሁ ለአዲሱ እንዲሆን የእንግዳውን ጥይት መፍታት ነበረብን። መፍቻው መዶሻ ይመስላል፤ ጥይቷን ሆዱ ውስጥ ከተህ ወለሉን ስትመታበት አረሩ ይወልቃል። እኔ እመታለሁ፣ እሷ ትለቅማለች። ለአረሩ አንድ ዕቃ፣ ለቀለሁ አንድ ዕቃ ያስፈልገን ነበርና «ቆይ» ብላ ወጣች። ስትመለስ ትሪ ይዛለች። ትሪው ላይ ጠርዛቸው ወርቅ የተቀባው የሻይ ብርጭቆዎች ነበሩ።

«ምነው፣ ጳጳስ መጡ እንዴ?» አልኳት።

«ዝም ብለህ ምታ።»

አረሩ ብርጭቆው ውስጥ ሲወድቅ ጥሩ ድምፅ አለው። የወጣውን አሮጌ ባሩድ ጓሮ ላለው ጽጌረዳዋ ወስዳ በተነችው፤ ለአበባ ጥሩ ነው ሲባል ሰምታለች። እኔ የአዲሱን ባሩድ ቆርቆሮ ከፈትኩ። የጠመንጃውን የዛሬ ልክ ትናንት ሜዳው ላይ ሽማግሌው ለክተው ሰጥተውኛል። ሚዛኑን ወደ እሷ አዞርኩላት፣ ቁጥሩ ስንት ላይ መቆም እንዳለበት ነገርኳት። መነጽሯን አደረገች።

«ስንት እንሥራ?» አለችኝ።

መደርደሪያውን አየሁት። ዳር ዳሩ ይታየኛል፤ ባዶ ነበር።

«ለቅዳሜ የሚበቃ።»

በትንሿ ማንኪያ ባሩዱን ቀድቼ ሚዛኑ ላይ አፈሰስኩ። ጎንበስ ብላ አየች። «ትንሽ ጨምር» አለች። ጨመርኩ። «ልክ ነው» አለች። ያለ ልማዴ ደግሜ ላየው አልሞከርኩም። ባሩዱን አንስቼ ቀለሁ ውስጥ ጨመርኩትና አረሩን ገጠምኩበት።