በፋንታሁን ስም የተመረመረው ሽንት

ፋንታሁን በቦኖሻ አንዲት ክሊኒክ ድሬሰር ነበር። ሃያ ዓመት የሰው ቁስል ሲያጥብ ኖሮ፣ በ1979 ዓ.ም. አንድ የገበያ ቀን ሆሳዕና መናኸሪያ ከአውቶቡስ ወርዶ ጥቂት እንደተራመደ ደረቱን ይዞ መንገድ ላይ ተቀመጠ። አዲስ አበባ ያዩት ሐኪም የልቡ ደም ሥሮች እንደተደፈኑ፣ ሞስኮ ሄዶ ቀዶ ጥገና ካልተደረገለት ብዙ እንደማይቆይ ነገሩት። ውጭ የሚልከው ግን የሐኪሞች ቦርድ ነው።

ስኳር እንዳለበት የምታውቀው ሚስቱ ትርፊት ብቻ ነበረች። ራሱ መርምሮ ደርሶበት፣ ራሱ ደበቀው። አልድን ያለውን የእግሩን ጣት በካልሲ ሸፍኖ ነበር የሚውለው።

ቦርዱ ባዘዘው ምርመራ ጠዋት ፋንታሁን በሆስፒታሉ ሽንት ቤት ደጃፍ ላይ ባዶ ጠርሙስ ሰጣት።

«አንቺ ሙይልኝ።»

«ኧረ ፋንታሁን፣ ኃጢአት ነው!»

«ስኳር ካገኙ ስሜን ይሰርዙታል። ስኳር ያለበት ሰው ከተቀደደ ቁስሉ ቶሎ አይገጥምም። እኔም ስንቱን አይቻለሁ።»

«አይተህ ታዲያ?»

«ቤቴ ቁጭ ብዬ ልሙት?»

ጠርሙሱን ይዛ ገባች። ውጤቱ ንጹሕ ሆነ፤ ቦርዱም ፈረመ።

ከሞስኮ አንድ ደብዳቤ መጣ። ከዚያ በኋላ ሌላ አልመጣም። ትርፊት ፖስታ ቤት መመላለስ እየፈራች መጣች።

በጥር ወር ኤሊያስ የሚባል የዱራሜ ሰው ግቢዋ ገባ። ሞስኮ ከባሏ ጋር አንድ ክፍል ተኝቶ የታከመ ነው። ትርፊት የያዘውን ሻንጣ ስታይ የፋንታሁን መሆኑን አወቀች።

«ሐኪሞቹ ደሙን አይተው ስኳሩን ወዲያው አገኙት፣ እትዬ» አላት። «በአስተርጓሚ ነገሩት። ‹ደም ሥሩን መስፋት አያቅተንም፤ ግን ስኳርህ ከፍ ብሏል፣ ኩላሊትህ ተጎድቷል፣ ልብህም ደክሟል። ሦስቱም ካሉበት ሰው ብዙው አይተርፍም› አሉት። እሱ ‹እዚህ ድረስ መጥቼ አልመለስም› ብሎ ፈረመ።»

ቀዶ ጥገናው አምሮ ነበር። በሦስተኛው ቀን ፋንታሁን በእግሩ ቆመ። በስምንተኛው ቀን ስፌቱ መግል ያዘ፤ ከነርሶቹ ቀድሞ ያወቀውም ራሱ ነው።

«‹ይሄን ሽታ አውቀዋለሁ› አለኝ» አለ ኤሊያስ። «ከዚያ ኩላሊቱ ሥራ አቆመ። ሊሞት ሲል ደግሞ ‹ትርፊትን «ያስገደድኩሽ እኔ ነኝ ብሏል» በላት› አለኝ። ምን ማለቱ ነው?»

 መርዶውን የሰሙ ጎረቤቶች እየጮኹ ወደ ግቢው መግባት ጀምረው ነበር።