ከሰፈሩ ሁሉ ቀዝቃዛው ቤት

ኒኮላሳ ባሪዮስ በሞቃታማዋ የባራንኪያ ከተማ፣ በዳገቱ ሰፈራችን፣ ልብስ ተኳሽ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ሸሚዝ ተኩሳለች፤ የእሷ ካውያ ያለፈበት ኮሌታ ዝንብ ያንሸራትታል። ጠያቂነቷስ! የጤና ጣቢያውን ሐኪም «የደም ግፊቴ ማክሰኞ ደህና ሆኖ ረቡዕ ለምን ይከፋል?» ብላ አፋጣዋለች።

በዚያ መጋቢት ሁለት ጊዜ ካውያዋን እንደያዘች ወደቀች። ሁለቱንም ጊዜ ያነሳኋት እኔ ነኝ፣ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቷ። «ተዪኝ፣ ይለቀኛል» እያለች ወደ ሥራዋ ስትመለስ ንድድ ይለኝ ነበር።

በሚያዝያ ሂሜና የምትባል ተመራማሪ ከዩኒቨርሲቲ መጣች። ሙቀቱ ከዓመት ዓመት እየባሰ ነው፣ አብዝቶ የሚታመመውም ከባዶ ቆርቆሮ ሥር የሚኖረው ነው፤ ይህን በቁጥር ማሳየት ፈልጋለች። ለአሥራ ስምንት ቤት እንቁላል የምታክል የሙቀት መለኪያ አደለችና «ከምትውሉበት ስቀሏት» አለች። በጣም ለሚሞቁት አምስት ቤቶች ኮርኒስ ይሠራላቸዋል።

ኒኮላሳ መለኪያዋን እንደ ጫጩት በሁለት እጇ ተቀብላ «እሷ ራሷ አይሞቃትም?» ብላ ጠየቀች።

ከአንድ ወር በኋላ ሂሜና ግራ ገብቷት ተመለሰች። ቀን ቀን የሁላችንም ቤት ከሠላሳ ዘጠኝ ዲግሪ በላይ፣ የኒኮላሳ ሠላሳ። እንዲህ ከሆነ ኮርኒሱ ሊያልፋት ነው።

«ዶኛ ኒኮላሳ፣ ምን ዘዴ አግኝተው ነው? ይንገሩኝና ለሌላውም ላስተምር።»

«ቤቴን በደንብ እይዛለኋ!» አለች ኒኮላሳ ኮራ ብላ።

«ኧረ ባክሽ! ምድጃ እኮ ነው ቤትሽ» አልኳት። «መለኪያዋን የት ነው የሰቀልሻት?»

ወደ ጓሮ ወሰደችን። መለኪያዋ ከማንጎው ጥላ፣ ከውሃው ጋን በላይ ተንጠልጥላ ነፋስ ያወዛውዛታል።

«እዚህ ምን ትሠራለች?» አለች ሂሜና።

«እንግዳ አይደለች? ከካውያ ጋር ትቀቀል? እናቴ እንዲህ አላሳደገችኝም።»

«እርስዎስ የት ነው የሚውሉት?»

«እኔ እንግዳ ነኝ እንዴ?»

ለነገሩ ሂሜናም በመጣች ቁጥር ኮሮሶ የሚባል የዘንባባ ፍሬ ጭማቂ እየቀረበላት እዚያው ጥላ ሥር ትቀመጣለች እንጂ የመተኮሻውን ክፍል አይታው አታውቅም።

ወሩ እንደገና እንዲለካ ተስማሙ፤ መለኪያዋን ከመተኮሻው ጠረጴዛ በላይ ሰቀልናት። ቀን ስምንት ሰዓት ነበር። ኒኮላሳ አንጋጣ ቁጥሯን ትከታተላለች። ሠላሳ አራት። ሠላሳ ስምንት። መለኪያዋ አርባ ሦስት ላይ ስትቆም ኒኮላሳ ካውያዋን አስቀመጠች።

«ይሄ ሙቀት ሰው ይጥላል?»

«ይጥላል፣ ዶኛ ኒኮላሳ። ወጣትም ይጥላል።»

ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። በሥራ ሰዓት ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም።

«እኔ እኮ» አለች እንባዋ እየወረደ፣ «በወደቅኩ ቁጥር ሰንፌ መስሎኝ ራሴን ስሰድብ ነው የኖርኩት።»