እርጉዟ የቤተሰብ ምጣኔ አስተማሪ

ላሊበላ ክሊኒክ ውስጥ ጤና ረዳት ሳለሁ ሌላው ሁሉ የሚሸሸው ሥራ ለእኔ ደረሰኝ፤ ሴቶችን ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ማስተማር። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሴቶቹ ለማኅበራቸው ስብሰባ ቀበሌው አዳራሽ ይገባሉ። መፈክሩ ተሰምቶ፣ ስለ መሠረተ ትምህርት ተነግሮ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ሊሄድ ነጠላውን ሲያስተካክል የእኔ ተራ ይደርሳል። ኪኒኑን፣ ኮንዶሙንና ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጠውን የሉፑን ሥዕል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እናገራለሁ። ጥሩ ተናጋሪ ነበርኩ። ቢያንስ ለእኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

የሚሰማኝ እንጂ የሚያምነኝ አልነበረም። ኪኒኑ ማሕፀን ያደርቃል፤ እሱን የዋጠች ሴት ዳግመኛ አትወልድም የሚል ወሬ አገሩን ሞልቶታል። ውሸት ነው እላለሁ። እነሱም በትሕትና ራሳቸውን ይነቀንቁልኝና ተነሥተው ይሄዳሉ።

እኔ ራሴ ሁለት ልጆች ነበሩኝ። ሁለተኛውን ከወለድኩ በኋላ ኪኒኑን ጀምሬ ከዓመት በላይ ውጬዋለሁ። ነገር የተበላሸው በሁዳዴ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾም ጠዋት በባዶ ሆዴ ስውጠው ያቅለሸልሸኛል። ወደ ማታ አዛወርኩት፤ ማታ ደግሞ ድካም ይጥለኝና ሳልውጠው እተኛለሁ። በመጨረሻ በገዛ ሥልጣኔ አንድ ውሳኔ ወሰንኩ። ጾም ነው፤ ባልና ሚስት በጾም ተለያይተው ነው የሚተኙት፤ ታዲያ ኪኒኑ ምን ይሠራልኛል? እስከ ፋሲካ ላሳርፈው አልኩ። አንዲት የገበሬ ሚስት መጥታ እንዲህ ብትለኝ ኖሮ ቁጭ አድርጌ ስመክራት እውል ነበር።

በሐሳቤ ውስጥ ያላስገባሁት ባለቤቴን ነው። መምህር ነው። በዚያ ሰሞን ለተማሪዎቹ ሳይንሳዊ ሶሻሊዝም ያስተምር ስለነበር ጾም የሚባል ነገር ትቷል። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ያን ያህል አልተከራከርኩትም።

የፋሲካው ዶሮ ወጥ ሲሸተኝ ሮጬ ወጣሁና ከጓሮ አስመለሰኝ። በኪኒኑ እንዳላሳብብ፣ ኪኒን አልዋጥኩም።

ሆዴ ሲገፋ ክረምቱ ደረሰልኝ። ላስታ በነሐሴ ብርድ ነው፤ ጋቢ የደረበችን ሴት ማንም ምን ሆነሽ አይላትም። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ልጆቻችሁን አራርቃችሁ ውለዱ ስል ሰነበትኩ። አንድ እሁድ ግን የሉፑን ሥዕል ከኋላ ላሉት ለማሳየት ሁለት እጄን ከፍ ሳደርግ ጋቢው ከትከሻዬ ተንሸራቶ ወረደ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት የቄስ ባለቤት፣ ሸምገል ያሉና የተከበሩ ሴት፣ ሆዴን አየት አደረጉት።

“ልጄ፣ አንቺስ የትኛውን ነው የምትወስጂው?” አሉኝ።

ኪኒኑን እወስድ እንደነበርና ለትንሽ ጊዜ ብዬ እንዳቋረጥኩት፣ በተቻለኝ መጠን ሐኪም መስዬ አስረዳሁ። መቼ እንደምወልድ ጠየቁኝ፤ ኅዳር ላይ አልኳቸው። ሴትዮዋ ጣታቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ ወደ ኋላ መቁጠር ጀመሩ። ሲጨርሱ ቀና አሉ።

“በሁዳዴ” አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ እንኳ ሳያደርጉ።

ከዳር እስከ ዳር ተሳቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋቢውን አንሥቼ እንደገና ደረብኩ፤ ምን ሊሸፍንልኝ እንደሆነ እንጃ።

ሳቁ በረድ ሲል፣ ከኋላ ሕፃን የታቀፈች ወጣት ተነሣች። ኪኒኑን ያን ያህል ጊዜ ከዋጥኩ በኋላ ነው ወይ ያረገዝኩት ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኩ። ከተውኩት ስንት ጊዜ ቆይቼ እንደሆነ ጠየቀች።

“ወዲያው ነው” አልኩ፣ ዓይኔን ከቄሱ ባለቤት አሽሽቼ።

ልጅቱ ወደ ጎረቤቷ ዞረች። “እንግዲያው አያደርቅም ማለት ነው” አለቻት።

በቀጣዩ ሳምንት ያቺ ወጣት ክሊኒክ መጣች፤ ጎረቤቷም ተከተለቻት። ከዚያ ወዲያ በየጊዜው ሁለትም ሦስትም ሆነው ይመጡ ጀመር። ያ ሁሉ ንግግሬ ያላመጣውን ሆዴ አመጣው። የክሊኒኩ ኃላፊ፣ ነገሩን ያልሰማ ሰው፣ ቅስቀሳዬ ፍሬ ማፍራቱን በስብሰባ ላይ አንሥቶ አመሰገነኝ። እኔም ምስጋናውን ተቀበልኩ።

በኅዳር ሴት ልጅ ወለድኩ። አሁን ለራሴ መምረጥ ነበረብኝ። ኪኒን የማይረሳ ሰው ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ያ ሰው እንዳልሆንኩ ታየ። ባለቤቴን ባማክረው፣ ባለሙያዋ አንቺ ነሽ አለኝ። ባለሙያነቴንማ ታቅፈኸዋል አልኩት፤ ሕፃኗ እሱ እጅ ላይ ነበረች። ሉፕ ይሻለናል ተባባልን። እኛ ክሊኒክ የሚያስገባ ባለሙያ ስላልነበረ፣ በጥር መንገዱ ሲደርቅ በጭነት መኪና ወልድያ፣ ከዚያም በአውቶቡስ ደሴ ወረድን።

ደሴ ያለችው ሲስተር ሥዕሉን አውጥታ ማስረዳት ጀመረች። እኔ ለሴቶቹ የምለውን ነው የምትለው። የሙያ ባልደረባ ነኝ ልላት አፌን ስከፍት፣ ሰሐኑ ላይ የተቀመጡት መሣሪያዎች ታዩኝ።

“ሲስተር፣ ወደ ላይ ወጥቶ ልብ ጋ አይደርስም?” አልኳት።

በትዕግሥት መለሰችልኝ። ሥራዬ ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ የቤት እመቤት ነኝ አልኩ።

ሉፑን አስገብታልኝ ስንወጣ፣ ለጥንቃቄ ብላ ለባለቤቴ በፖስታ የታሸገ ኮንዶም ሰጠችው። በኮሪደሩ ከነበሩት ሴቶች መካከል ብቸኛው ወንድ እሱ ነበር፤ ፖስታውን ኮቱ ውስጥ የከተተበት ፍጥነት አሁንም ይታየኛል። ስንመለስ መንገድ ላይ ኬላ ጋ ወታደሮች አስወርደው ፈተሹን። አንዱ የባለቤቴን ኪስ ሲዳብስ ፖስታውን አገኘ። የተከለከለ ወረቀት መስሎት ፊቱን አኮሳተረ። ምንድን ነው ሲለው፣ ባለቤቴ፣ “ሚስቴ ጤና ረዳት ናት፤ የሥራ ዕቃዋ ነው” ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። ወታደሩ ፖስታውን ቀዶ አየ። ከዚያ ጡት የምትጠባውን ሕፃን፣ ቀጥሎም እኔን አየኝ።

“አሁን ነው የሰጧችሁ?” አለ።

ከኮንዶሙ የራሱን ድርሻ አንሥቶ ኪሱ ከተተና እለፉ አለን። ባለቤቴ ወልድያ እስክንደርስ በመስኮት ውጪ ውጪውን ያይ ነበር። ሉፑ ግን ተስማማኝ፤ ለብዙ ዓመት አብሮኝ ኖረ። ያቺ ልጅም የመጨረሻዬ ሆነች።